ጸጥ ያለ የግራፊክስ ካርድ ኩለር መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ቪዲዮ ነው። ማታ ሰፈሩ ጋብ ሲል፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጸጥታ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ታዲያ የጎረቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ጠረጴዛዬ ሥር ያለው የግራፊክስ ካርድ ፋን ነበር። ማይኩ እሱን ሳያስቀር ይይዘዋል። ሁለት ዓመት ያህል ታግዬዋለሁ። ፈትቻለሁ፣ ገጥሜአለሁ፣ ሳያስፈልገኝ የገዛሁትም ዕቃ አለ። ጓደኞቼና አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኩለር የምለው ካርዱን የሚያቀዘቅዘውን ብረትና ፋን ነው። አዲስ ኩለር መግዛት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ጥያቄዎቹንም በአብዛኛው ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው የደረደርኳቸው።

የሚጮኸው ግራፊክስ ካርዱ መሆኑን በምን ልወቅ?

ዴስክቶፕ ውስጥ ፋን ብዙ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ አለ፣ ኬዙ ላይ አለ፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አለ፣ ካርዱ ላይ አለ። የድሮ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ካላችሁ እሱም የራሱ ድምፅ አለው። መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የሌላ ኩባንያ ካርድ ላይም ይሠራል። እሱን ጫኑና ካርዱ ሥራ ላይ ሳይሆን የፋኑን ፍጥነት በእጅ ወደ 30 በመቶ አውርዱት። ትንሽ አዳምጡ። ከዚያ ወደ 70 አውጡት። የሚያስቸግራችሁ ድምፅ አብሮ ከወረደና ከወጣ ምንጩ ተገኘ። ምንም ካልተለወጠ ካርዱን ተዉትና ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ይህን የምለው አንድ ወዳጄ ከውጭ ኩለር ሊያስመጣ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ስለነበር ነው። አብረን ስንፈትሽ የሚጮኸው የፓወር ሰፕላዩ ፋን ሆኖ ተገኘ። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብን። ፋኑን በጣት ወይም በእስክሪብቶ ለማቆም ግን አትሞክሩ፤ ክንፉ በቀላሉ ይሰበራል።

ዕቃው ላይ «30 ዲሲቤል» ተብሎ ተጽፏል። ጸጥ ያለ ነው ማለት ነው?

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ ካልተጻፈ ማወዳደር አይቻልም። ያው ፋን ከ1 ሜትርና ከ10 ሳንቲሜትር ቢለካ ልዩነቱ 20 ዲሲቤል ሊደርስ ይችላል።

ሦስት ነገር ካወቃችሁ ግን ቁጥሮቹ መናገር ይጀምራሉ። ድምፅ በ10 ዲሲቤል ሲጨምር ጆሯችን በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ፋኖች አብረው ሲሠሩ ከአንዱ በላይ የሚጨምሩት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ድምፁ 15 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል።

አሁን ሦስቱን አንድ ላይ እዩዋቸው። በደቂቃ 2,000 ዙር የሚሽከረከር አንድ ፋን አላችሁ እንበል። በእሱ ፈንታ በ1,000 ዙር የሚሽከረከሩ ሁለት ተመሳሳይ ፋኖች ብታደርጉ የሚገፉት አየር ያው ነው ማለት ይቻላል። ድምፁ ግን በ12 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ለጆሮ ከግማሽ በታች ነው። ጸጥ ያሉ ኩለሮች ሁሉ በዚህ ሒሳብ ነው የሚሠሩት፦ ሰፊ ብረት፣ ትልቅ ፋን፣ ዝግ ያለ ዙር። ስለ ኩለር ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

የድምፁ ዓይነትም አለ። ትልቅ ፋን ዝግ ብሎ ሲዞር የነፋስ ሽውታ ይመስላል፤ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ትንሽ ፋን በፍጥነት ሲዞር ያፏጫል። ሁለቱ እኩል ዲሲቤል ቢኖራቸው እንኳ የሚያናድደው ሁለተኛው ነው።

ምንም ሳልገዛ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ እኔ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያየሁት እዚህ ነው።

መጀመሪያ የፋኑ ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር የሚሄድበትን መስመር አስተካክሉ። አፍተርበርነር ውስጥ በግራፍ መልክ ታገኙታላችሁ። ብዙ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚስተካከሉት ለሞቃት አገርና ለተጨናነቀ ኬዝ ጭምር እንዲሆኑ ነው። እናንተ ደህና አየር የሚያስገባ ኬዝ ካላችሁ ያን ያህል መሮጥ የለባቸውም። እኔ እስከ 50 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 70 ዲግሪ ላይ 45 በመቶ፣ 80 ዲግሪ ላይ 65 በመቶ አድርጌ ነው የጀመርኩት። ከዚያ እያዳመጥኩ አስተካከልኩት። የካርዱ ዋና ቺፕ 75 ዲግሪ ሲደርስ አትደንግጡ፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 10 ትውልድ ካርዶች ሙቀቱን ለመግታት ፍጥነታቸውን ራሳቸው መቀነስ የሚጀምሩት 83 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እዚያው ሂስተሪሲስ የሚል ቦታ አለ። ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ካልወረደ ፋኑ እንዳይቀንስ የሚወስን ነው። 4 ወይም 5 አድርጉት። አለበለዚያ ፋኑ በየደቂቃው ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮ አንድ ወጥ ድምፅን ይረሳል፤ የሚቀያየረውን ግን አይረሳም።

ቀጥሎ ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር የሚያድገው በካሬ ነው። ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብትቀንሱ፣ ፍጥነቱ ባይነካ እንኳ፣ ለሥራው የሚበላው ኃይል 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከፋብሪካ የሚመጣው ቮልቴጅ ደግሞ ደካማውም ቺፕ እንዲሠራበት ተብሎ ከፍ ያለ ነው። የእናንተ ቺፕ በትንሹም ሊበቃው ይችላል። በኤንቪዲያ ካርድ አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ስትጫኑ የቮልቴጁ መስመር ይከፈታል። የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ በራሱ በአድሬናሊን ፕሮግራም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ትንሽ ቀንሱ፣ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ስጡት፣ ካልተንገዳገደ እንደገና ቀንሱ። ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ሥዕሉ ከተበላሸ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚህ መንገድ ካርድ የሚያቃጥል ሰው አላየሁም፤ የምትቀንሱት ነው እንጂ የምትጨምሩት አይደለም።

ይህ ሁሉ ከባድ መስሎ ከታያችሁ የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ጎትቱት። አንድ እንቅስቃሴ ነው። ከካርዱ አቅም የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ጌም የምትጫወቱ ደግሞ ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ጌሙንም በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል) ላይ ገድቡት። ስክሪኑ የማያሳየውን ፍሬም ለመሥራት ካርዱ ለምን ይሙቅ?

ኬዙ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ለመፈተን ብር አያስፈልግም። ካርዱን ከባድ ሥራ ላይ አድርጉና ሙቀቱ ሲረጋጋ ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ኬዙ አየር አጥሮታል። የፈለገውን ያህል ጥሩ ኩለር ብትገዙ የሚመልሰው ያንኑ የሞቀ አየር ነው።

ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ አየር ግን በጠባብ ክፍተት ነው የሚገባበት። ከፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኖች ዝግ ብለው አየር ሲያስገቡና ከኋላ አንዱ ሲያወጣ ካርዱ ይተነፍሳል። ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወይም ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ ያስቀመጣችሁም አውጡት።

አቧራውን እንዴት ላጽዳ?

ኬብሉ ተነቅሎ፣ በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ። አየር ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በአየር ኃይል ከመጠን በላይ ከዞረ ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ቡና በምታፈሉበት፣ ዕጣን በምታጨሱበት ክፍል ኮምፒውተሩ ካለ አቧራው እየተጣበቀ ስለሚያስቸግር ቶሎ ቶሎ ጽዳት ይፈልጋል። እኔ ቤት በየሦስት ወሩ ነው።

ፔስቱን መቀየር ድምፁን ይቀንሳል?

ካርዱ ጥቂት ዓመት ካለፈው ሊቀንስ ይችላል። በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ፔስት ከጊዜ ጋር ይደርቃል ወይም ከመሐሉ እየተገፋ ይወጣል። ያኔ ሙቀቱ ወደ ብረቱ በደንብ አያልፍም፤ ፋኑ ይሮጣል።

ምልክቱን ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ በሚባሉት ፕሮግራሞች ታዩታላችሁ። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ የቺፑ አጠቃላይ ሙቀትና ሆት ስፖት የሚባለው፣ የቺፑ እጅግ የሞቀው ነጥብ። በሥራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ካለፈ ፔስቱ ወይም አቀማመጡ ችግር አለበት ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስትፈቱት እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየተራቸው ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ብረቱ ሲላቀቅ በኃይል አትጎትቱት፤ የፋኑ ቀጭን ሽቦ ከሥር አለ፣ በቀላሉ ይበጠሳል። ፔስቱ ከደረቀ ካርዱን ትንሽ አሠርታችሁ ሞቅ ሲል አጥፍታችሁ ብትፈቱት ይቀላል። የቆየውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱት።

ሰው የሚሳሳተው ከፔስቱ ይልቅ በፓዱ ነው። ሜሞሪዎቹ ላይ የተቀመጡት ለስላሳ ፓዶች ልክ አላቸው፤ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2 ሚሊሜትር እየተባሉ ይሸጣሉ። የተሳሳተ ውፍረት ካስገባችሁ ብረቱ ከዋናው ቺፕ ላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ ካርዱ ከበፊቱ በ10 ዲግሪ ጨምሮ አገኘሁት። ፓዱ ካልተቀደደ አትንኩት። ከተቀደደ ግን ውፍረቱን ለክታችሁ ትክክለኛውን ግዙ።

ከፔስት ይልቅ እኔ አሁን የምመርጠው የሃኒዌል ፒቲኤም7950 የሚባለውን ስስ ንጣፍ ነው። 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ራሱን ያስተካክላል፤ እንደ ፔስት ተገፍቶ ቶሎ አይወጣም። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን ግን ለጀማሪ አልመክርም። ውስጡ ጋሊየም አለ። አሉሚኒየም ይበላል፤ አንድ ጠብታ ቦርዱ ላይ ከወደቀም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ፋኑ ይንኳኳል፤ ያጉረመርማል። ዘይት ላድርግበት?

ለጥቂት ሳምንት ይረዳ ይሆናል። ኩሽኔታው አንዴ ካለቀ ግን መፍትሔው ፋኑን መቀየር ነው። በፋኑ መሐል ወይም ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። በዚያ ቁጥር ነው የሚፈለገው፤ በካርዱ ስም ብቻ ስትፈልጉ የብሎን ቀዳዳው የማይገጥም ሊመጣ ይችላል። የክንፉን ስፋትና የሶኬቱን ቀዳዳ ብዛትም አረጋግጡ። እዚህ አገር ፋኑን ለብቻው ማግኘት ካስቸገራችሁ ጥገና ቤቶች ቦርዱ የተቃጠለ ተመሳሳይ ካርድ እንዳላቸው ጠይቁ። ከሞተ ካርድ ላይ የወጣ ደህና ፋን ብዙ ሰው ረድቷል።

ፕላስቲኩን አውልቄ ትልልቅ ፋን ባስርበትስ?

ለእኔ ከገንዘቡ ጋር ሲተያይ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም። ዋናውን ብረት አትነኩትም። ከላይ ያለውን ፕላስቲክና ትንንሾቹን ፋኖች ብቻ ታነሳላችሁ። በእነሱ ቦታ ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር የኬዝ ፋኖችን በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራላችሁ። ፔስቱም አይነካም፤ ብረቱ ከቦርዱ ጋር እንደተያያዘ ነው። በብዙ ካርዶች ፕላስቲኩ ለብቻው ይፈታል፤ በአንዳንዶቹ ግን ብረቱን ማንሳት ግድ ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት ብሎኖቹን ተመልከቱ።

ሐሳቡ የሠፈር ልጅ ጥበብ ብቻ አይደለም። አሱስ በ2021 ከኦስትሪያው የፋን አምራች ከኖክቱዋ ጋር ሆኖ አርቲኤክስ 3070 ካርድ አውጥቷል። በላዩ ያደረጉት ሁለት ተራ የኬዝ ፋኖችን ነው፤ 120 ሚሊሜትር። ካርዱ ከአራት ስሎት (ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ ከሚሰካባቸው ቦታዎች) በላይ ይወፍራል። ውፍረቱ ነው ጸጥታውን የሰጠው። በ2022 በአርቲኤክስ 3080፣ በ2023 ደግሞ በአርቲኤክስ 4080 ደገሙት።

እናንተ ስታደርጉት ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ ቦታ፦ መደበኛ ፋን 25 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ከካርዱ ሥር ያን ያህል ክፍተትና አየር መሳቢያ ሊኖር ይገባል። ቦታ ከጠበበ 15 ሚሊሜትር የሆኑ ቀጫጭኖች አሉ። ሁለተኛ ሶኬት፦ የካርዱ የፋን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ያነሰ ነው። መቀየሪያ ሽቦ ይሸጣል፤ አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። መቀየሪያ ካጣችሁ ፋኖቹን ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ። ማዘርቦርዱ ግን የካርዱን ሙቀት አያውቅም። ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያገናኛቸዋል። ሦስተኛ ብረቱ፦ ካርዱ ላይ ያለው ሂትሲንክ ትንሽ አሉሚኒየም ብቻ ከሆነ ትልቅ ፋን ተአምር አይሠራም። የመዳብ ቱቦዎች ያሉበትና ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን ከሆነ ግን ልዩነቱን ያኔውኑ ትሰሙታላችሁ።

በፋን ምርጫ የአርክቲክ ፒ12 ዋጋው ቀላል ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12 ኤክስ25 ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ብዙ ነው። እኔ በአርክቲኩ ነው የምሠራው። ድምፅ ስቀዳ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ነው የሚዞሩት፤ ማይኩ አልያዛቸውም።

ሙሉ ኩለር ለብቻው ገዝቼ መቀየርስ?

ድሮ የተለመደ ነበር። አርክቲክ አክሴሌሮ የሚባሉ ኩለሮች ነበሩት። የራይጂንቴክ ሞርፊየስም አለ፤ 12 የመዳብ ቱቦዎች ያሉት ትልቅ ብረት ነው፣ ፋን ሳይኖረው ይመጣና ሁለት 120 ሚሊሜትር ፋን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። እንደ አርኤክስ 580 እና ጂቲኤክስ 1080 ላሉ ካርዶች ሰዎች በደስታ ተጠቅመውባቸዋል።

አሁን ግን ምርጫው ጠቧል። አዳዲስ ካርዶች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ብረት ራሱ ግዙፍ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ቦርድ የሚገጥም ማሰሪያ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ያገለገለ አክሴሌሮ ወይም ሞርፊየስ ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ከመሐል ወደ መሐል ለኩ። በቀድሞዎቹ ካርዶች ብዙ ጊዜ 53 ወይም 58 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኩለሩ የሚቀበላቸው ልኮች ውስጥ የእናንተ ከሌለ ተዉት።

ሌላው ሰው የሚረሳው ዋናው ቺፕ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሜሞሪዎቹና ቮልቴጅ የሚያስተካክሉት ክፍሎች አብረው ይሞቃሉ። የፋብሪካው ኩለር ሁሉንም ይሸፍን ነበር። አዲሱ ዋናውን ብቻ ሊነካ ይችላል። ለቀሪዎቹ ትንንሽ ብረቶችን በሚያጣብቅ ፓድ ትለጥፋላችሁ፤ ፋኑም እነሱ ላይ መንፋት አለበት። ቺፑ 60 ዲግሪ ሲያሳይ ደስ ብሎት፣ ቮልቴጅ ማስተካከያው ግን የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ካርዳችሁ ከ200 ዋት በታች የሚበላ ከሆነ ለሙሉ ኩለር ገንዘብ አታውጡ። ከላይ ያሉት መንገዶች ይበቁታል።

ፋን የሌለው ካርድ ይሻለኛል?

ለቢሮ ሥራ፣ ለቪዲዮ ማየት፣ ለቀላል ኤዲቲንግ ጥሩ ነው። ፓሊት የሚባለው ኩባንያ ካልምኤክስ በሚል ስም ፋን የሌላቸው ካርዶች ይሠራል፤ ጂቲኤክስ 1650 ከእነሱ አንዱ ነው። ካርዱ 75 ዋት ነው የሚበላው። ግን ፋን የለውም ማለት አየር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ኬዙ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚዞር አንድ ፋን ይኑር። በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ለሰዓታት ሬንደር የምታደርጉበት (የተሠራውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል የምታወጡበት) ከሆነ ይቅርባችሁ።

በውሃ ማቀዝቀዝስ?

300 ዋትና ከዚያ በላይ ለሚበላ ካርድ ትርጉም አለው። ግን ውሃ ራሱ ድምፅ የለሽ አይደለም። ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ምንም ሳትሠሩም ያንኑ ድምፅ ትሰማላችሁ። ራዲያተሩም ፋን አለው። የኤንዜድኤክስቲ ክራከን ጂ12 የሚባለው ማሰሪያ የፕሮሰሰር የውሃ ማቀዝቀዣን ካርድ ላይ ለመግጠም የተሠራ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለቮልቴጅ ማስተካከያዎቹ የሚነፋ 92 ሚሊሜትር ፋን አለው። ጸጥታ ብቻ ለምትፈልጉ ትልቅ ብረትና ሁለት ዝግ ያሉ ፋኖች ይቀላሉ፤ የሚያፈስም ነገር የለም።

አዲስ ካርድ ልገዛ ነው። ጸጥ ያለውን በምን ልለይ?

መጀመሪያ ዋቱን እዩ። ድምፅ የሙቀት ልጅ ነው። አርኤክስ 580 185 ዋት ይበላል። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ይበላል፤ በሥራም በእጅጉ ይበልጠዋል። 70 ዋት ያነሰ ሙቀት ማለት ፋኑ የሚሮጥበት ምክንያት ቀነሰ ማለት ነው።

ከዚያ በአንድ ቺፕ ላይ የተሠሩትን የተለያዩ ካርዶች አወዳድሩ። አርቲኤክስ 3060 ብቻ በብዙ ኩባንያ፣ በብዙ ዓይነት ኩለር ነው የተሸጠው። ሁሉም 170 ዋት አካባቢ ነው። አንዱ አጭር፣ ባለ አንድ ፋን ነው። ሌላው ከሁለት ስሎት ተኩል በላይ ይወፍራል። ለጸጥታ ወፍራሙንና ከባዱን ውሰዱ። የፋን ብዛት አያታልላችሁ፤ ሁለት ትልልቅ ፋን ከሦስት ትንንሽ ሊሻል ይችላል። ርዝመቱን ከኬዛችሁ ጋር ለኩ።

በአንድ ጠባብ ፋን አየሩን በካርዱ ውስጥ አሳልፈው ከኋላ የሚያስወጡ ብሎወር የሚባሉ ካርዶች አሉ። ለሰርቨርና ለጠባብ ኬዝ ጥሩ ናቸው። ለመኝታ ክፍል አይሆኑም። በ2003 የወጣው የኤንቪዲያ ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ሰዎች ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን ጋር እስኪያመሳስሉት ድረስ የጮኸ ካርድ ነበር። ኩባንያው ራሱ በዚያ ላይ ቀልድ ያለበት ቪዲዮ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ግን ዛሬም በአንድ ቺፕ ላይ በተሠሩ ሁለት ካርዶች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ሰፊ ነው።

ያገለገለ ካርድ ስገዛስ ምን ልይ?

ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ለዓመታት ሌት ተቀን የሠሩ ካርዶች በብዛት ለሽያጭ ወጡ። ቺፑ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚደክሙት ፋኑ፣ ፔስቱና ፓዱ ናቸው። ሻጩ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፋኑን 100 በመቶ አድርጉና ጆሯችሁን አስጠጉ። ከዚያ 40 በመቶ አድርጉት። መንኳኳት በዝቅተኛ ፍጥነት ነው በደንብ የሚሰማው። ፋን መቀየር እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ካርዱን ይነካዋል?

ይነካዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ፋኑ ትንሽ መፍጠን አለበት። በሌላ በኩል ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለይ የካርዱም በዚያው ልክ ይለያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ያላችሁ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ኤሲ የምትሠሩ ግን ፈረንጆቹ ከለኩት ሙቀት በላይ ጠብቁ፤ ከፍ ያለ ኩለር ምረጡ።

ብፈታው ዋስትናው ይቀራል?

እንደ ኩባንያውና እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ለምትኖሩ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 «ተለጣፊው ከተነሳ ዋስትና የለም» ለሚሉ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ልኳል። ራሳችሁ ያበላሻችሁትን ግን ማንም አይጠግንላችሁም። ካርዱ ከዱባይ በዘመድ የመጣ ከሆነ ዋስትናውን ለመጠቀም መልሶ መላክ እንደሚያስፈልግ አስቡ። ዋስትና ያለውን ካርድ ከመፍታታችሁ በፊት የሶፍትዌሩን መንገድ ጨርሱ።

ፋኑ ሳይሮጥ ሲሲሲ የሚል ድምፅ አለ። ምንድን ነው?

ኮይል ዋይን ይባላል። ካርዱ ላይ ያሉ ጥቅልል ሽቦዎች ኤሌክትሪኩ ሲለዋወጥ ይንቀጠቀጣሉ። ኩለር መቀየር አይፈታውም። ጌም ሜኑ ላይ ካርዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍሬሞች ሲሠራ ይብሳል። ፍሬሙን ገድቡት፣ ቮልቴጁን ቀንሱ። ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል።

ፋኑ ጭራሽ አይዞርም። ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ከ2014 አካባቢ ጀምሮ ብዙ ካርዶች ሙቀቱ ዝቅ ሲል ፋናቸውን ሙሉ በሙሉ ያቆማሉ። ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚነሱት። ለማረጋገጥ ከባድ ሥራ ስጡትና ቁጥሩን እያያችሁ ጠብቁ። 65 ዲግሪ አልፎ ካልዞረ አጥፉት፤ ሽቦው በደንብ መሰካቱን እዩ። ከዞረ ደህና ነው። እኔ ድምፅ የምቀዳው ካርዱ ከባድ ሥራ በሌለበት፣ ፋኖቹም ዝግ ባሉበት ሰዓት ነው፤ ሬንደሩን ለጠዋት እተወዋለሁ።